ለሰርተፍኬቱ 4,500 ሪያል አንክፈል

ባለፈው አርብ እዚሁ ኑዝላ በተሰበሰብንበት ቤት እጄን ያነሳሁት ለመቃወም ነበር። ግን የብዙዎቻችን ሰዓት አልቆ፣ የአንዳንዶቻችን ሾፌር በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ስለነበር ተራዬ ሳይደርስ ተበተንን። እንግዲህ በወረቀት ልቃወም።

ላልነበራችሁት ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሚቴው ከሳጥናችን 4,500 ሪያል አውጥቶ ከውጭ አንድ አሰልጣኝ ሊያመጣልን አስቧል። ስልጠናው ሁለት አርብ ይፈጃል፣ ስሙ «የፕሮጀክት ማኔጅመንትና የአመራር ክህሎት» ነው፣ በመጨረሻ ለ30 ሰው ማህተም ያለው ሰርተፍኬት ይሰጣል። ያጨበጨባችሁትን አይቻለሁ። እኔ አላጨበጨብኩም። እያንዳንዳችን በወር የምናዋጣው 20 ሪያል ነው፤ 4,500 ማለት 225 ጊዜ 20 ሪያል ማለት ነው። ደሞዟ 1,000 ለሆነች እህት የአራት ወር ተኩል ላብ ነው። ይህ ብር የተሰበሰበው ለታመመች፣ ደሞዟን ተከልክላ ለወጣች፣ አገሯ መግባት ለፈለገች ነው።

ትምህርት ጠላት ብላችሁ እንዳትወስዱኝ። እኔ 10ኛ ክፍል ላይ የቆምኩት ጠልቼ አይደለም፤ አሁንም ቢሆን ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስልኬ ላይ የማነበው አላጣም። የምጠላው ስልጠና የሚባል ነገር ሆኖ ማንን እንደሚያሰለጥን የማያውቀውን ነው። እንዲህ ያለውን ደግሞ አንድ ጊዜ በደንብ ቀምሼዋለሁ፣ እናንተም ቀምሳችሁታል።

የእኔ 21 ቀን ነበር። የኮሌጁን ስም አልጠራም፣ መጥራትም አያስፈልግም፣ የእናንተም ያው ነውና። 58 ሴቶች ነበርን። የቫኪዩም መጥረጊያው አንድ፣ ካውያው አንድ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አንድ፣ እሱም ውሃ ስላልነበረ ተከፍቶ አላየነውም። መብራት የጠፋ ቀን ቫኪዩሙን በእጃችን እየነካን «ይህ ቱቦው ነው፣ ይህ ማብሪያው ነው» ተባልን። ተራዬ ደርሶ ምንጣፍ ላይ የገፋሁት ምናልባት ለሁለት ደቂቃ ነው። መምህራችን ደግ ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና (በሕይወት አለች፣ እንዲሁ ስለምወዳት ነው) ግን እሷም የአረብ ቤት ገብታ አታውቅም። የያዘችው የተባዛ ወረቀት ነበር፣ ወረቀቱን ታነባለች፣ እኛ እንገለብጣለን። ፈተናው ላይ የቫኪዩም ክፍሎችን ጻፉ ተባልን፤ ጻፍን፣ አለፍን፣ የብቃት ማረጋገጫ ተሰጠን።

አረብኛው ደግሞ ባሰ። ውሃ «ማእ» ነው፣ ምን «ማዛ» ነው፣ አሁን «አል-ኣን» ነው ብለው አስጠኑን። ይህ የመጽሐፍ አረብኛ ነው፤ ውሸት አይደለም፣ ዜና ላይ ትሰሙታላችሁ። ጂዳ ውስጥ ግን ማን ነው ቤቱ ውስጥ እንደ ዜና የሚናገረው? እዚህ ምን ለማለት «ኤሽ» ነው፣ አሁን ለማለት «ደሒን» ነው፣ የት ለማለት «ፌን» ነው። በገባሁ በመጀመሪያው ጠዋት ማዳም «ጂቢ ሞያ» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «ሙያ» ነው! ምን ዓይነት ሙያ ነው የምትጠይቀኝ ብዬ ቆምኩ። እሷ ደገመችው፣ እኔ ሰርተፍኬቴን ላምጣ እንዴ እስክል ድረስ ግራ ገባኝ። ለካ ሴትዮዋ ውሃ ጠምቷታል። ዛሬ እንስቅበታለን። የዚያን ቀን ግን ልጅቱ ደንቆሮ ናት ተብሎ መክተቡ ጋ ተደወለ፣ ያች አንድ ቃል ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊት አስነሳችኝ።

አሁን ልብ በሉ። ያንን ትምህርት ያዘጋጀው ሰው ክፉ አይደለም። ነገሩን የጀመረበት ጫፍ ነው የተሳሳተው። ምን ዕቃ አለን፣ ስንት ቀን አለን፣ ለወረቀቱ ምን ይጠየቃል ብሎ ጀመረ። ጂዳ የገባች ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስቆማት ምንድን ነው ብሎ ቢጀምር ኖሮ «ሞያ»ን በመጀመሪያው ቀን ባገኘኋት ነበር። ይህን ለማወቅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልገውም፤ ከአረብ አገር የተመለሰች አንዲት ሴት ጠርቶ ሻይ መጋበዝ ይበቃው ነበር። በየቀበሌው አሉ እኮ!

ሕጉም ከዚህ ጋር አብሮ አልሄደም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ 8ኛ ክፍል የጨረሰችና የብቃት ማረጋገጫ ያላት ናት የምትሄደው ብሎ ነበር። በኋላ ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 1246/2013፣ የ8ኛ ክፍሉን አነሳው። ለብዙ ድሃ ልጅ በር ከፍቷል፣ አልቃወምም፤ በሕገ ወጥ መንገድ በየመን በኩል ከምትመጣ ይሻላታል። ግን ማንበብ የማትችል ልጅ እንድትመጣ ከፈቀድክ በኋላ በተባዛ ወረቀት ማስተማር ምን ማለት ነው? ተማሪዋ ስትለወጥ ትምህርቱም አብሮ ይለወጣል። ከእኔ ጋር ከነበሩት ውስጥ ስሟን ብቻ መጻፍ የምትችል ልጅ ነበረች። 21 ቀን ሙሉ ከጎኗ ያለችውን እየተመለከተች ቅርጹን ስትስል ከረመች። ለማሽኑ ግን ከእኔ የተሻለ እጅ ነበራት፤ ወረቀቱን ትተው እጇን ቢያሰሩት ኖሮ ከሁላችንም ቀድማ ትወጣ ነበር።

ኮሚቴ ውስጥ ያለች አንዲት እህት፣ የማከብራት ናት፣ «ፊሊፒኖች ሰርተፍኬት ስላላቸው ነው ከእኛ የበለጠ የሚከፈላቸው» ብላለች። ብዙዎቻችን የምናምነው ነው፣ እስቲ እንየው። እውነት ነው፣ የፊሊፒን ልጅ ከመምጣቷ በፊት ቴስዳ በሚባለው የአገራቸው የሙያ ተቋም ደረጃ ከ200 ሰዓት በላይ የቤት ሥራ ስልጠና ወስዳ ትፈተናለች። ጥሩ ስልጠና ነው፣ የፎቃችን ፊሊፒናዊት ሉህ ስታጥፍ ማየት ነው። ደሞዙን ግን ያመጣው ሉህ ማጠፉ አይደለም። መንግሥታቸው በፈረንጅ 2006 የቤት ሠራተኛ ከ400 ዶላር በታች አትቀጠርም ብሎ ወሰነ፤ 400 ዶላር 1,500 ሪያል ነው። በዚህ ደሞዝ ነገር ተጣልተው ሳዑዲ በ2011 የፊሊፒን የቤት ሠራተኛ መቅጠር አቆመች። እነሱ ግን ዝቅ አላሉም፤ ከዓመት በላይ ቆይተው በ2012 በ400 ዶላር ተስማሙ። የእኛ ውል ላይ 1,000 ሪያል የተጻፈው እኛ ሰነፎች ስለሆንን ሳይሆን ስንደራደር በዚያ ስለተዘጋ ነው። (ውል ላይ 1,500 የተጻፈላት ሁሉ 1,500 ታገኛለች ማለትም አይደለም፤ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ያየኋት ፊሊፒናዊት አለች።) ስለዚህ ሁለት አርብ ተቀምጠን የምናገኘው ወረቀት ለማዳም ብናሳያት አንድ ሪያል አይጨምርም። ማዳም እንግሊዝኛውን አንብባ «ማሻአላህ» ትልና ወጥ ቤት ትልከናለች።

አሁን ወደ አሰልጣኙ ኮርስ ልምጣ። ዝርዝሩን ኮሚቴው በዋትሳፕ ልኮልናል፣ ሁላችሁም አይታችሁታል፤ ያነበባችሁት ግን ጥቂት ትመስሉኛላችሁ። 64 ገጽ ፓወር ፖይንት ነው። ባለድርሻ አካላት፣ ራዕይና ተልዕኮ፣ የአደጋ ስጋት ትንተና፣ የሎጂክ ማዕቀፍ። ከ64 ገጽ ውስጥ ጂዳ የሚል ቃል የለም። የቤት ሠራተኛ የሚል ቃል የለም። ሰውየው ከእኛ ጋር አንድ ጊዜ ስልክ አላወራም፤ ስንት ሰዓት እንደምንሠራ፣ ስንቶቻችን ማንበብ እንደምንችል፣ ገንዘባችን በማን እጅ እንዳለ አልጠየቀም። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ያዘጋጀውን የመጀመሪያ ገጽ ቀይሮ ልኮልናል፤ ገጽ 41 ላይ «የመምሪያችሁ ኃላፊ» የሚል ቀርቶበታል። ያ የቫኪዩም ወረቀት ማለት ነው፣ እሱ እንኳ በነጻ ነበር።

ፕሮጀክት ማለት ምንድን ነው? የማሠራበት ቤት ትልቋ ልጅ ይህንኑ ነገር ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ጠየቅኋት። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ገንዘቡና ቀኑ የተወሰነ፣ ብዙ ሰው ተከፋፍሎ የሚሠራው ሥራ ነው አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ታዲያ እናትሽ ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ለእኔ የምትሰጠኝ ምንድን ነው? ሳምቡሳው አስቀድሞ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ይገባል፣ ሾርባው ከአስር በኋላ ይጣዳል፣ ተምሩና ውሃው አዛን ሳይል ይቀርባል፣ እንግዳው ሲጨመር ሩዙ ይጨመራል፣ እኔም እየጾምኩ። ሠላሳ ቀን። አንድ ቀን አምስት ደቂቃ ቢያልፍ ቤቱ ይገለበጣል። ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና «ይህንን ለመምህሬ እነግረዋለሁ» አለች።

ባለፈው ዓመት የታመመችውን እህታችንን አገሯ ያስገባንበትን አስታውሱ። ማን ሆስፒታል ትሄዳለች፣ ማን ቆንስላ፣ ማን የከፊሉን ቤት ታናግራለች፣ ማን ብር ታሰባስባለች፣ ማን አዲስ አበባ ቦሌ ላይ ቤተሰብ ታስጠብቃለች፣ ሁሉም ተከፋፍሎ በ19 ቀን አለቀ። አንዲት ፓወር ፖይንት አላየንም። የተቸገርነው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፦ ብሩን የያዘችውን እህት ማዳሟ ስልኳን ቀማቻት፣ አራት ቀን ሁሉም ነገር ቆመ። ትኬቱን የሚቆርጥ አልነበረም። እንግዲህ የአደጋ ስጋት ትንተና የሚሉት ይህ ከሆነ ትንተናው አለቀ፤ ብርና ደብተር በሁለት ሰው እጅ ይሁን፣ ሁለቱ አንድ ቤት የሚሠሩ አይሁኑ፣ የስልክ ቁጥሮቹ በወረቀትም ተጽፈው ይቀመጡ። ደብተሩ ላይ ሦስት መስመር ይሰመር፦ ምን፣ ማን፣ እስከ መቼ። ይህን ለመወሰን ግማሽ ሰዓት ይበቃናል፣ ብር አይፈልግም።

ማስተማር ያስፈልጋል የምለው ሌላ ነገር ነው። ቤታችን በየጊዜው አዲስ ልጆች ይገባሉ። አንዷ በዚህ ክረምት ሽንት ቤት ስታጥብ ክሎሮክሱንና የሽንት ቤት አሲዱን አንድ ላይ ጨመረቻቸው፣ የበለጠ ያነጣል ብላ። በሩ ዝግ ነበር። ያ ጭስ ክሎሪን የሚባል መርዝ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል፤ በጦርነት ጊዜ ሰው ሲገድሉበት የነበረ ነው። እሷን አላህ አተረፋት፣ ሁለት ሳምንት ግን እየሳለች ሠራች። 21 ቀን ስትማር ይህን አልነገሯትም። ከመካከላችን ደግሞ ይህን የማታውቅ ነባር ሠራተኛ የለችም። እናውቃለን፣ አልተናገርንም፤ ምክንያቱም እኛ የምናውቀውን ትምህርት ብለን ቆጥረነው አናውቅም።

እንዴት ይሰጥ? እናቶቻችን እንጀራ እንዴት እንዳስተማሩን አስቡት። ማንም ስለ ምጣድ ክፍሎች አልጻፈልንም። መጀመሪያ ሲጋግሩ አጠገባቸው ቆመን አየን። ቀጥሎ እየጋገሩ ነገሩን፣ ዓይን ሲያወጣ ይከደናል፣ ዳሩ ሲነሳ ይወጣል። ከዚያ ከሊጡ ትንሽ ቀንሰው «እንጎቻ ጋግሪ» አሉን። ተበላሸ፣ ራሳችን በላነው፣ እንደገና ጋገርን። በመጨረሻ እናት ገበያ ሄዳ ስትመለስ ከፍታ ታያለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ወንዱ ሲዘምት ፋብሪካ የማያውቁትን፣ ብዙ ሴቶችንም፣ በፍጥነት ማስተማር ግድ ሆነባቸውና በአራት ደረጃ የሚያስተምር ዘዴ አወጡ፦ ተማሪዋን አዘጋጃት፣ አሳያት፣ አሠራት፣ በኋላ ተመልሰህ እያት። ልጅቷ ካልቻለች ጥፋቱ የአስተማሪው ነው ብለው ነበር የሚይዙት። ይህንንም ያች የቤቱ ልጅ ናት ያሳየችኝ። እኔ ሳነበው እናቴን አየኋት።

አንድ ትልቅ ችግር ግን አለ፣ እሱን ሳላነሳ ባልፍ ውሸታም ነኝ። አርብ መጥታ ኑዝላ የምትቀመጥ ልጅ ቀድሞውኑ ዕረፍት ያላት ናት። ትምህርቱ የሚያስፈልጋት ግን ያች ከቤት የማትወጣው ናት። በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 አይበልጥም፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት አላት፣ ፓስፖርቷንም አሠሪ አይይዝባትም ይላል። ስንቷ ታውቀዋለች? ያወቀችውስ ስንቷ አገኘችው? ስለዚህ የእኛ ትምህርት አርብ የመጡትን ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ የአሰልጣኙን ስህተት ደገምነው ማለት ነው። ትምህርቱ ድምፅ ይሁን። ከሦስት ደቂቃ ያልበለጠ፣ በዋትሳፕና በኢሞ የሚላክ፣ ልጅቷ ልብስ ስትተኩስ በጆሮዋ የምትሰማው። ማንበብ አይጠይቅም። ለኦሮምኛ ተናጋሪዎቻችን በኦሮምኛ፣ ለትግርኛ ተናጋሪዎቻችን በትግርኛ። አንድ ድምፅ አንድ ነገር ብቻ። «ክሎሮክስን ከአሲድ አትቀላቅዪ፣ ከተቀላቀለ በሩን ከፍተሽ ውጪ፣ አትመለሺ» አለቀ። ሌላው፦ ጋዝ ከሸተተ መብራት አታብሪም አታጥፊም። ሌላው፦ ግፊት ያለውን ድስት ትንፋሹ ሳያልቅ አትክፈቺ። ሌላው፦ አምቡላንስ 997 ነው፣ መካና ጂዳ ለማንኛውም አደጋ 911 ነው፣ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር 19911 ነው። ቁጥሮቹን በአማርኛ አይደለም የምንነግራቸው፣ እንዴት ተደርጎ በአረብኛ አድራሻ እንደሚነገር አብረን እናስጠናቸዋለን። የሰፈሯን ስም የማታውቅ ልጅ 911 ብትደውል ምን ትላለች?

«እኛ ማን ነን አስተማሪ?» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ለማን ብለን ነው የምናፍረው? የሰው ልጅ አጥበን፣ አብልተን፣ አሳድገን፣ የማዳምን እናት በመጨረሻ ቀኗ ገልብጠን፣ ስኳሯን ለክተን ያኖርን ሰዎች ነን። ውጭ ያለ ሰው ሊያስተምረን የሚመጣው መድረክና ማይክ ስላለው ነው። የእኛን ጥያቄ ይዞ ከመጣ ይምጣ፣ እከፍለዋለሁ። ለምሳሌ የሕግ ሰው ቢመጣና ሙሳነድ ላይ ያለውን ውላችንን በስልካችን እንዴት ከፍተን እንደምናይ፣ ደሞዝ በባንክ ሲገባ ማስረጃውን እንዴት እንደምናስቀምጥ አንድ አርብ ቢያሳየን፣ 4,500ም አይበዛበትም። ስልካችንን በእጃችን ይዘን፣ እያንዳንዳችን የራሳችንን ከፍተን ካልወጣን ግን እሱም ሌላ ፓወር ፖይንት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው አርብ ድምፅ ሲሰጥ ሐሳቤ እንዲህ ይመዝገብልኝ። ኮርሱ ይቅር። ከሳጥኑ 300 ሪያል ብቻ ለስልክ ካርድና ለአንድ ደህና ማይክ ይውጣ። እያንዳንዳችን በመጀመሪያው ሳምንት ያስቆመንን አንድ ነገር በድምፅ ቀድተን እንላክ፤ ብዙ ጊዜ የተደጋገመው የመጀመሪያው ትምህርት ይሆናል። በቅርብ የገቡ አምስት ልጆችን ቀድመን እናሰማቸው፤ ካልገባቸው እነሱን አንወቅስም፣ ድምፁን እንደገና እንቀዳለን። የክሎሮክሱን እኔ እቀዳለሁ። ጋዙን የምታውቅ እህት ካለች ከወዲሁ ትንገረኝ፤ በወሎ ኦሮምኛ የምትቀዳልንም እፈልጋለሁ። ስብሰባው ከአስር ሰላት በኋላ ነው፣ ሾፌር የሚጠብቃችሁ ቀደም ብላችሁ ኑ፣ ድምፅ ሳትሰጡ እንዳትሄዱ።